ለባህሩ እንግዳ የቀዳሁት ውሃ

መጋቢት 21፣ ቅዳሜ

ተመረጠች! ሃኒዬ ተመረጠች! ለከተማው የሳይንስ ውድድር ከትምህርት ቤቱ ሙሉ ሁለት ልጅ ብቻ ሲመረጥ አንዷ የኔ ልጅ! ሰላም እንኳን ሳልልሽ ጮህኩብሽ ደብተሬ፣ ይቅር በይኝ። ከገና ወዲህ አልጻፍኩብሽም፤ እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ዛሬማ ከደህናም በላይ ነኝ።

ሁለተኛዋ ደግሞ ማን ናት ትያለሽ? ዑግባድ! ግድግዳ የምንጋራት የሁዶ ልጅ። ሁዶ ሱቋን ክፍት ትታ ሮጣ መጣች፤ እኔም ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ያስቀመጥኳትን ደንበኛ ረስቼ ከፀጉር ቤቱ ወጣሁ። መሃል መንገድ ላይ ተቃቅፈን ስንዘል ባጃጆቹ ጥሩምባ ነፉብን። እሷ ረመዳን ላይ ናት፣ እኔ ሁዳዴ ላይ ነኝ፤ በዚያ ፀሐይ ለመዝለል አቅሙን ከየት እንዳመጣነው እንጃ።

የዑግባድ ሥራ ስለኛው ስለ ድሬዳዋ ውሃ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ስለሚጋገረው ነጭ ቅርፊት። የሃኒ ግን እስኪገባኝ ቆየ። የባህር ጃርት የሚባል እንስሳ አለ፤ እሱን ከቁልቋል ጋር ታወዳድራለች። «እማ፣ ሁለቱም እሾህ ለብሰው ነው የሚኖሩት። አንዱ የበረሃ ተክል፣ አንዱ የባህር እንስሳ። እሾሃቸው ሲቆረጥ የትኛው ነው መልሶ የሚያበቅለው? ነገሩ ይሄ ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ጃርቱን ከየት ልታመጪው ነው? እኛ ያለን ባህር የደቻቱ ወንዝ ነው፤ እሱም አሸዋ ነው» አልኳት።

ለካ ከሁዶ ጋር ጨርሰዋል! የሁዶ ወንድም በሺር በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ነው የሚነዳው፤ እሱ ሊያመጣላት ቃል ገብቷል። ባለቤቴ ጉግሳ ጋ ሁርሶ ደወልኩለት፤ እዚያ የጦር ካምፕ ውስጥ መኪና ይጠግናል። «እሾህ ደግሞ ከባህር ይመጣል? እዚህ አነሰን?» ብሎ ቀለደብኝ። ከዚያ አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት።

ሚያዝያ 3፣ ሐሙስ

እንግዳው ገባ! በሺር የዓሣ በረዶ የሚያዝበትን ነጭ ሣጥን ተሸክሞ «ኤዶ ዘነቡ፣ ከጅቡቲ ዘመድሽን አምጥቼልሻለሁ!» እያለ። (ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ በዕድሜ ብዙም አልበልጠውም፣ ግን እንዲያ ነው የሚለኝ።) የራሱንም ውሃ በጀሪካን ጭኖለታል።

ሴቱ ሁሉ ፀጉሩን ከጠቀለለበት ቢጎዲ ጋር ተነስቶ ሣጥኑን ከበበ። ክብ፣ ጥቁር፣ ጡጫ የሚያህል ነገር። እኔ ድንጋይ መሰለኝ። ለካ እሾሁ ይንቀሳቀሳል! ቁልቋል ዝም ብሎ ነው የሚጠብቅሽ፤ ይሄ ግን እሾሁን አንድ በአንድ እንደ ጣት ያዞርብሻል። አፉ ከሥሩ ነው፣ ጥርሱ አምስት። ዓይን የለው፣ ግን ብርሃን ሲያበሩበት ይሸሻል።

«የጅቡቲ ሰዎች ይበሉታል እንዴ?» አለች አንዷ።

«የፈረንጅ ሆቴሎች ይጠይቁናል» አለ በሺር፤ «እኛ ግን ከእሾህ ጋር ጠብ የለንም።»

ሃኒ ሰፊው ሳፋ ውስጥ ከራሱ ውሃ ጋር አስገባችው፤ አየር የምትነፋ ትንሽ ሞተርም ሰካችለት። እኔ ሹሩባ እየሠራሁ ነበር። «እማ ስሚኝ። የራሱ ጨዋማ ውሃ ብቻ። የኛ ውሃ እንዳይነካው። መብራት ከጠፋ ሞተሯ ትቆማለች፤ ያኔ በኩባያ ከሳፋው እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ እዚያው መልሰሽ ታፈሺለታለሽ፣ አየር እንዲያገኝ። ሰማሽ?»

«ሰማሁ፣ ሰማሁ።» በጥርሴ ማበጠሪያ ይዤ ነበር።

ሚያዝያ 4

ሃኒ ዛሬ በጥፍር መቀሴ ከጃርቱ አንድ ጎን ጥቂት እሾሆች ቆረጠች። ዙሪያቸውን ያሉትን ደግሞ ጫፋቸውን በኔ ቀይ የጥፍር ኩቴክስ ቀባች፤ ቦታው እንዳይጠፋባት። ቁልቋሉንም እንዲሁ። እሱን ልጆቹ ከቢዮ አዋሌ መንገድ ዳር አንድ ቅጠሉን ገንጥለው አምጥተውልን፣ አፈር በሞላ የዘይት ቆርቆሮ ሰካነው፤ በቃ። «ውሃ አላጠጣውም?» ብላት «እንዳትሞክሪ! ይበሰብስብሻል» አለች።

ይሄ ነው የከበደኝ። አንዱ ውሃ አትስጪኝ ይላል፣ ሌላው ውሃ ውስጥ ሆኖ ያንቺን ውሃ አልፈልግም ይላል። እናቴ ያሳደገችኝ እኮ እንዲህ ነው፤ በዚህች ከተማ ፀሐይ ተመቶ ለገባ ሰው ከወንበር በፊት ውሃ ይቀርብለታል። ውሃ ያልተሰጠው እንግዳ ባይናገርም በልቡ ይይዝብሻል።

ሚያዝያ 13፣ እሑድ

ሃኒና ዑግባድ ለተመረጡት ልጆች ወደተዘጋጀው ሥልጠና፣ ሐረር። ሐሙስ ይመለሳሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ሆና በመስኮት «የራሱን ውሃ ብቻ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሚያዝያ 14

ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ደንበኞቼን መለስኳቸው። የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት ይንጣጣል። በኩባያ ቀዳሁ፣ አፈሰስኩ፤ ቀዳሁ፣ አፈሰስኩ። ክንዴ ዛለ። ውሃው ራሱ ለብ ብሏል። እሾሁን አጥፎ ጥግ ይዟል። አሳዘነኝ። ሰው ቢሆን ኖሮ ይናገር ነበር።

እርጥብ ጆንያ የጠቀለልኩበት ጀሪካን ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ነበረኝ። ትንሽ ነው። አንድ ኩባያ። ከዚያ ሲነቃቃ አየሁትና ጨመርኩ። ጨመርኩለት እንጂ አልሞላሁትም። እሾሁን ሁሉ ዘረጋ። ደስ ያለው መሰለኝ። «አይዞህ፣ ጠጣ» አልኩት፤ ሳቅሁም።

ማታ። ደስታ አልነበረም።

ሚያዝያ 15

እሾሁ እንደ ፀጉር እየረገፈ ነው። ውሃው ሸተተ።

ምናልባት ቀድሞም ታሞ ሊሆን ይችላል። መንገዱም ረጅም ነው፤ ጅቡቲ እስከዚህ ድረስ ማን ሳይታመም ይደርሳል? ሃኒ ደወለች። «እንዴት ነው?» አለችኝ። «ሰላም ብሎሻል» አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ልጄ ከት ብላ ሳቀች፤ የዑግባድም ሳቅ ከኋላ ይሰማል።

ስልኩን ዘግቼ በሺር ጋ ደወልኩ። ዕድሌ ሆኖ ጅቡቲ ነው፣ ሊነሳ ሲል አገኘሁት። አንድ ሌላ አምጣልኝ አልኩት። ለምን ሲለኝ «ብቻውን ሆኖ ሆድ ባሰው» አልኩት።

ሲመሽ ከቁልቋሉ ቆርቆሮ ውስጥ አፈሩን ጫር ጫር አድርጌ ቀበርኩት።

ሚያዝያ 16

በሺር አመጣ፤ እንደ ፊተኛው ከነራሱ ውሃ። ያንኑ የሚያህል ነው፤ ስመርጥልሽ ዋልኩ አለኝ። ሳፋውን አየና «ሙሽራው የታል?» አለ። «ብርሃን አይወድም፣ መደርደሪያው ሥር ባልዲ ውስጥ ነው» አልኩት። ጎንበስ ሊል ሲል ሻይ አቀረብኩለት። ሻዩን ጠጣና ሄደ።

በሩን ዘጋሁ። ኩቴክሴን አወጣሁ፤ ልክ እሷ የቀባችበት ቦታ፣ ከጎን፣ ክብ አድርጌ ቀባሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሙሽራ ጥፍር የቀባሁበት እጅ ለዚህ ዋለ።

የቀረኝ መቁረጡ ነበር። መቀሱን አነሳሁ። እሾሁን ስነካው ወደ ጣቴ ዞረ፤ አንዷ ዞረች፣ ሌሎቹም አብረዋት። እንዴት ልቁረጠው? ትናንት አንዱን ገድዬ ዛሬ ይሄን? መቀሱን አስቀመጥኩ። ትመጣና ታየዋለች፣ እኔም ያኔ እነግራታለሁ አልኩ። በእግዜር ስም፣ እንዲያ ነው ያልኩት።

ሚያዝያ 17

ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ሳፋው ላይ ተደፋች። ጮኸች! «እማ! በቅሏል! ሁሉም በቅሏል! እማ ነይ እዪ!» አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ስትዘል እኔንም አዘለለችኝ። ሁዶ ከሱቋ ሰምታ እልል አለች።

አፌን ከፈትኩ እኮ። ከፈትኩ። ግን ልጄ እንዲያ ስቃ አይቻት አላውቅም።

ነገ እነግራታለሁ።

ሚያዝያ 20

መምህር ኒቆዲሞስ መጡ፤ የባዮሎጂ አስተማሪዋ ናቸው፣ ቀጭን፣ መነጽራቸው ሁሌ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያለ ሰው። ሳፋው ላይ አጎንብሰው ቆዩ። «በመጽሐፍ ላይ ይሄ ወራት ነው የሚፈጀው» አሉ። «በሁለት ሳምንት! የኛ ሙቀት ይሆን? ሃኒ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።»

ልጄ ፊቷ በራ። ታስረዳቸው ጀመር፤ የቁልቋል እሾህ የተለወጠ ቅጠል ነው፣ ደርቋል፣ ሲቆረጥ ያው እንደተቆረጠ ነው። የጃርቱ ግን ሕይወት አለው፣ ላዩ ቆዳ አለ፣ ስለዚህ ያድሳል። እኔ በር ላይ ቆሜ ፎጣ አጥፋለሁ፤ ያጠፍኩትን ፎጣ መልሼ እፈታለሁ።

ሲወጡ «ለማንኛውም አንዴ ድገሚው» አሏት። ወዲያው ደገመች፤ ከዚያው ቦታ ቆረጠች። መቀሱ ቀጭ ቀጭ ሲል ጓዳ ገብቼ ጆሮዬን ያዝኩ። አሁን ይሄኛው በእውነት ተቆርጧል።

ሚያዝያ 24

ዛሬ ሂዩማን ሄር የምቀጥልላት አንዲት ደንበኛዬ መስታወት ውስጥ እያየችኝ ምን አለችኝ? «ሰዉ ሁሉ ፀጉርሽ እንዴት በአንዴ አደገ ይለኛል። እኔም አደገ እላለሁ። ቅጥል መሆኑን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን!» ሴቱ ሁሉ ሳቀ።

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። እንዲያው ሙቀቱ ነው።

ሚያዝያ 27፣ ፋሲካ

አልቆረብኩም። ለጉግሳ ሆዴን አሞኛል አልኩት።

ሁዶና ዑግባድ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። ዑግባድ ከሳፋው ግርጌ የወደቀች አንዲት እሾህ አንስታ ብርሃን ላይ አየቻት። «ኤዶ፣ ይሄ እኮ የማንቆርቆሪያችን ቅርፊት ወንድም ነው። ኖራ ነው። ሎሚ ብትጨምቂበት ይሟሟል።» ከዚያ ከሃኒ ጋር ተያይዘው ስለ ሎሚ ተከራከሩ። ሁለቱን ልጆች እያየሁ፣ ለአንዷ ስል ሌላዋን ምን እያደረግሁ እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩና ተነስቼ ዳቦ ቆረስኩ።

ግንቦት 8

ሃኒ ጠዋት ትለካለች፣ ማታ ትለካለች። ምንም የለም። «ለምን እንቢ አለ?» ትለኛለች። «ደክሞት ይሆናል» አልኳት። ደክሞት! ሰላጣ ትሰጠዋለች፣ ይበላል፣ ሳፋውን ይዞራል፣ ደህና ነው። እሾሁ ግን የለም። ልጄ መክሳት ጀመረች። ምሳዋን ለድመት ሰጥታ አገኘኋት።

አሁን ብነግራት ይቀላታል። ግን ውድድሩ ቀርቧል። ከውድድሩ በኋላ።

ግንቦት 13

ግቢ ልብስ ሳሰጣ ሃኒ ከዑግባድ ጋር በአጥሩ በኩል ስታወራ ሰማሁ። «ያንቺ ልኬት አንዱ ተበላሽቶ የለ? እሱንም ታሳያለሽ?» አለች የኔዋ። ዑግባድ «አሳያለሁ፤ አቦ ምን ችግር አለው? ለምን እንደተበላሸ እናገራለሁ» አለቻት። ሃኒም «እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የማቀርበው። ጊዜ አልበቃኝም እላለሁ።»

አንሶላው ጀርባ ቆሜ ቀረሁ። ያቺ ልጅ ውሸት የምትባል ነገር አታውቅም ነበር። ሕፃን እያለች ስኳር ሰርቃ ስትበላ ራሷ መጥታ የምትነግረኝ ልጅ ናት። እርጥቡ አንሶላ ፊቴ ላይ ተለጠፈ፤ እኔም አላነሳሁትም።

ግንቦት 17፣ ቅዳሜ

አንደኛ! ከከተማው ሁሉ አንደኛ! አዳራሹ ተናወጠ፣ ጉግሳ ከሁርሶ ፈቃድ ጠይቆ መጥቶ በሁለት ጣቱ ያፏጫል፣ እኔ እልል ብዬ ድምፄ ዘጋ። አዲስ አበባ ለአገር አቀፉ ውድድር የምትሄደው እሷ ናት፤ ከየከተማው የሚሄደው አንድ ብቻ ነው። ዑግባድ ሁለተኛ ወጣች። ሁዶ ከኔ እኩል እልል ስትል አየኋት።

ሃኒ መድረክ ላይ ስትወጣ አልሳቀችም። ደክሟት ነው።

ግንቦት 19

ሁዶ ሐልዋ ይዛ መጣች፤ ከቀፊራ ገበያ፣ ያንን ቅቤ የበዛበትን። ተቀመጠች፣ ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች። ስለ ሙቀቱ አወራን፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን። ከዚያ ሳፋው አጠገብ ሄዳ ጎንበስ አለች።

«በሺር ሰላም ብሎሻል አባዮ። ሁለቱ እንግዶች ተስማሙ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።» አባዮ እህቴ ማለቷ ነው፤ ሁሌም እንዲያ ነው የምትለኝ።

ባዶ ኩባያዋን አንስቼ እንደገና ውሃ ሞላሁት።

ሳፋውን ዞራ አየችው፤ መደርደሪያው ሥርም አየች። «ብቻውን ነው እኮ» አለች፤ በዝግታ፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል። ከዚያ ቀና ብላ «ሐልዋውን ብሉት፣ በሙቀት ይቀልጣል» አለችኝና ወጣች።

ማታ ጉግሳ ሐልዋውን በላ። እኔ አልነካሁትም።

ሁዶ ብዙ አትጠረጥርም፤ ልበ ንጹሕ ናት። አላወቀችም። ብታውቅ ኖሮ ትናገር ነበር፤ የገዛ ልጇ ጉዳይ አይደል?

ግንቦት 23፣ ዓርብ

ይሄን ልጻፈው።

ሃኒ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፀጉር ቤቱን ዝጊ አለችኝ። ደንበኛ አለ ብላት «እማ፣ ዝጊ» አለች። ዘጋሁ። ካስኩ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። «እማ፣ እኔ ሌባ ነኝ» አለችኝ። ሁለተኛውን ልኬት እንደደበቀች፣ መምህር ሲጠይቋት ጊዜ አልበቃኝም እንዳለች፣ የዑግባድን ቦታ እንደወሰደች። «እሷ የተበላሸባትን ሳይቀር ነው ያሳየችው። እኔ ደግሞ ያልበቀለውን ደበቅሁ። ጠዋት አብረን ስንሄድ ፊቷን ማየት አቃተኝ።»

እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? ይሄን ሳልጽፍ አላልፍም። «ልጄ፣ ይሄማ ምን አላት? ሰው ሁሉ የሚያምርበትን ነው የሚያሳየው» አልኳት። ላጽናናት ነበር። የኔን ላለማውጣት የሷን ላሳንስ! ቀና ብላ አየችኝ። ያቺ ስኳር የሰረቀች ልጅ ናት ያየችኝ፤ ቅጣቷን ልትቀበል የመጣችው።

እዚያው ወለሉ ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ነገርኳት። መብራቱን፣ ሙቀቱን፣ ቀዝቃዛውን ውሃ፣ የቀበርኩበትን የቁልቋል ቆርቆሮ፣ በሺርን፣ ኩቴክሱን።

«የኛን ውሃ ሰጠሽው?»

«ሞቆት ነበር።»

«እማ... ሞቆት ነበር?»

«አሳዘነኝ።»

«ስንት ኩባያ?»

«አልቆጠርኩም ልጄ።»

በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «እሾሁን ለምን አልቆረጥሽውም? ብትቆርጪው ኖሮ ቢያንስ...» ብላ ተወችው። «እሱም አሳዘነኝ» አልኩ። ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፏ ወጣ፤ ሳቅ ግን አልነበረም።

«ያን ሁሉ ቀን ስለካ እያየሽኝ ነበር» አለች።

ማንኪያ ይዛ ወደ ቁልቋሉ ወጣች። አፈሩን በማንኪያ እየዛቀች፣ በእጇ እየለየች፣ ጫፋቸው የቀላ እሾሆችን አንድ በአንድ አወጣች፤ ከዚያም የተቆረጡትን ጉማጆች። የክብሪት ቤት ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ልረዳት ስል «አትንኪ» አለችኝ።

ግንቦት 24

አላናገረችኝም። ውሃ ብሰጣት ራሷ ሄዳ ቀዳች።

ግንቦት 26

ሁዶ ጋ ሄድኩ። ሱቅ ውስጥ ሰው ነበር፤ እስኪወጣ ሳሙና የምመርጥ መስዬ ቆየሁ። ከዚያ ነገርኳት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቆሜ።

ሚዛኑን ትጠርግ ነበር። መጥረጓን አላቆመችም። «አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ?»

«በሺር ሁለተኛውን ባመጣ ጊዜ። አንድ እንግዳ ሆድ ባሰው ተብሎ ከጅቡቲ ጓደኛ ይመጣለታል? ወላሂ አንቺ እንደሆንሽ ውሸት አትችዪበትም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ልጅሽ እኮ ናት ሁለተኛ የወጣችው!»

ያኔ ጨርቁን ጣለችው። «ሃኒስ? ያሳደግናት አብረን አይደለም? እኔ ተናግሬ አንገቷን ልስበር? አንቺ እስክትናገሪ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። ሐልዋ ይዤ መጣሁ፤ በሐልዋም አልተናገርሽም! ማታ ዑግባድ ስታለቅስ እሰማለሁ፣ በቀን ላንቺ እስቃለሁ። ይሄን ነው ያደረግሽኝ።» ዓይኗ ሞላ። ሁዶን በሃያ ዓመት ጉርብትና እንዲህ አይቻት አላውቅም። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «ተነሺ። ደንበኛ ይመጣል። ነገ ወደ መምህሩ ሂጂ፣ ከዚያ በኋላ እንታረቃለን።» ሳሙናውን ግን አስከፈለችኝ።

ግንቦት 27

ከሃኒ ጋር መምህር ኒቆዲሞስ ዘንድ። እሷ የራሷን ተናገረች፣ እኔ የራሴን። የክብሪት ቤቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው እያዩት ቆዩ። «እኔም ማመን ቸኩዬ ነበር» አሉ። አልተቆጡንም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 3

ተወሰነ። የሃኒ አንደኝነት ተነሳ፤ ለከርሞ እንደገና መወዳደር ትችላለች ብለዋታል። አዲስ አበባ የምትሄደው ዑግባድ ናት።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ፀጉር ቤቴ ገብቷል። ያቺ ሂዩማን ሄር የምታስቀጥለው «አንቺ ደግሞ የባህር አውሬ ጥፍር ትቀቢያለሽ አሉ?» አለችኝ። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ፊቴ ነደደ። ይሳቁ። ጉግሳ በስልክ «ለካምፑ ሙሉ ተናግሬ ነበር እኮ ዘነቡ» ብቻ አለኝ። ምን ልበለው? ያን ሁሉ ሰው እሱ ነው የሚያስረዳው።

ሃኒ አሁን ታናግረኛለች፤ በቁጥር ነው ግን። ውሃ ስሰጣት ኩባያውን አየት አድርጋ ነው የምትቀበለኝ።

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

በቀለ! በእውነት በቀለ! ጠዋት ሃኒ «እማ» ብላ ጠራችኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ እንደ ድሮዋ አድርጋ። ሳፋው ላይ አጎነበስን። ከተቆረጠችው እሾህ ጫፍ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጠብጣብ። ቀጭን፣ ነጣ ያለች። «ይሄ ነው እውነቱ» አለችኝ። ያን ሁሉ ሳምንት የጠበቀችው ይሄን ነው፤ እኔ በአንድ ማታ በኩቴክስ የሠራሁትን!

ቁልቋሉ ደግሞ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? የተቆረጠችበትን እሾህ አልተካም፤ ግን አፈሩ ተዝቆበት፣ ሞት ተቀብሮበት፣ ውሃ ሳይቀምስ፣ ከጎኑ የሕፃን ጆሮ የምታህል አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ሃኒ ይሄንንም ጻፈችው፤ አንዱ የተሰበረበትን ቦታ ያድሳል፣ ሌላው የተሰበረውን ትቶ በሌላ በኩል ይወልዳል። ለከርሞ በዚህ ነው የምወዳደረው አለች። ሁዶ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ «አባዮ፣ አንቺ ቁልቋሉ ነሽ፤ ማንም ሳያጠጣሽ ስታወሪ ትውያለሽ!» አለችኝ። የሰደበችኝ ለት ነው መታረቃችንን ያመንኩት።

በሺር ጃርቱን በሚቀጥለው ጉዞው ወደ ባህሩ ይመልሰዋል። ሃኒ ከመሄዱ በፊት አንዴ ልለካው ብላለች። በሺርም ሰምቶ «ኤዶ፣ የመመለሻ ስንቅ ውሃ እንዳትቋጥሪለት!» ብሎኛል፤ እስኪበቃው ስቆብኛል።

ዑግባድ እሑድ ሰኔ 16 ትሳፈራለች። ማንቆርቆሪያዋን ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላ አዘጋጅታለች። ትናንት መጥታ «ኤዶ፣ ፀጉሬን አንቺ ትሠሪኛለሽ» አለችኝ። ከኔ ሌላ ፀጉር ቤት የሌለ ይመስል! ወንበሩን ይዤ አለቀስኩ፤ ልጅቷ ደነገጠች።

ስለዚህ ደብተሬ፣ ላንቺም ልንገርሽ፣ ነገ ደግሞ በር ለበር እየዞርኩ ለሰፈሩ ሁሉ እናገራለሁ፤ ዝም ያልኩትን ያህል እጮሃለሁ። አረፋ ባለፈ በሳምንቱ እኛ ግቢ ድግስ አለ፣ አመሻሽ ላይ ፀሐይ ስትበርድ። ሁለት ፍየል አለ፤ አንዱን የበሺር ሰዎች፣ አንዱን የኛ ሰዎች ያርዱታል፣ ሁሉም እንዲበላ። ጉግሳ ከሁርሶ ይመጣል፣ መምህር ኒቆዲሞስ እመጣለሁ ብለዋል፣ የሳቁብኝ ደንበኞቼም ይምጡ። ውሃ የምትቀዳው ሁዶ ናት፤ እኔ ጀሪካኑ አጠገብ እንዳልደርስ ሃኒ አስጠንቅቃኛለች። የዑግባድ ደስታ ነው፣ የሁላችንም ነው፤ የቀረ ሰው በልቤ እይዝበታለሁ። ቅዳሜ ነው፤ ሰኔ 15።